ግላኮማ ላለባቸው ሰዎች፦ እይታን ጠብቆ ስለ መኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ግላኮማ እንዳለባቸው የተነገራቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ከምርመራ ክፍል ከተወጣ በኋላ፣ ድንጋጤው በረድ ሲል ወደ አእምሮ የሚመጡ ናቸው፤ «በሽታው ጨርሶ አይድንም» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሐኪሙ የነገረውን ሁሉ አስታውሶ ቤቱ የሚገባ ሰው ጥቂት ነውና። መልሶቹ የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ ምክሩን ይበልጥ ለመረዳትና በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን መጠየቅ እንዳለበት አስቀድሞ ለማሰብ ግን ይረዳሉ።

ግላኮማ ምንድን ነው? ከዓይን ሞራስ በምን ይለያል?

ግላኮማ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። ይህ ነርቭ 1 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ የታሰሩበት ገመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግላኮማ ክሮቹን በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያደርቃቸዋል። ዋናው አጋላጭ ነገር በዓይን ውስጥ የሚፈጠር ግፊት ነው። በዓይን የፊተኛ ክፍል ውስጥ በየደቂቃው ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮ ሊትር የሚሆን ንጹሕ ፈሳሽ ይመነጫል። ፈሳሹ እንባ አይደለም፤ ከውስጥ ተመንጭቶ፣ የዓይንን የውስጥ ክፍሎች መግቦ፣ ኮርኒያ (ዓይንን ከፊት የሚሸፍነው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል) እና አይሪስ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ባለ ወንፊት መሰል መውጫ አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል። የሚመነጨው ሳይቀንስ መውጫው ከደከመ ወይም ከተዘጋ ግፊቱ ይጨምርና ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

መውጫው ክፍት ሆኖ ሥራው ቀስ እያለ የሚደክምበት ዓይነት «ክፍት ማዕዘን ግላኮማ» ይባላል፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየውም እርሱ ነው። አይሪስ ወደፊት ተገፍቶ መውጫውን የሚዘጋበት ደግሞ «ዝግ ማዕዘን ግላኮማ» ይባላል።

የዓይን ሞራ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደበዝዝ የሚመጣ ነው፤ ሌንሱ በቀዶ ሕክምና ሲቀየር እይታ ይመለሳል። በግላኮማ የሞተ የነርቭ ክር ግን በምንም ዓይነት ሕክምና አይተካም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው «ሲበስል ይወጣልኛል» ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው በሽታ ግላኮማ ከሆነ ግን በመጠበቁ የሚያጣው እይታ ተመልሶ የሚያገኘው አይደለም።

ምንም አያመኝም፤ በደንብም አያለሁ። በእርግጥ በሽታው አለብኝ?

ከሁሉም በላይ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሕክምና የሚያቋርጡ ብዙ ሰዎችም መነሻቸው ይኸው ጥርጣሬ ይመስለናል። ጥርጣሬው የሞኝነት አይደለም። ሕመም የሌለው፣ ዓይን የማያቀላ፣ ማንበብ የማይከለክል በሽታ አለ ሲባል መጠራጠር የሰው ተፈጥሮ ነው።

ክፍት ማዕዘን ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእይታ መሐል ሳይሆን ከዳር በኩል ነው። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ የሚለካው የመሐል እይታ ስለሆነ፣ የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር ያለ ስሕተት የሚያነብ ሰው ነርቩ በብዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አንዱ ዓይን ያላየውን ሌላው ያይለታል፤ የቀረውን ክፍተት ደግሞ አንጎል በአካባቢው ባለው ቀለምና ቅርፅ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰውየው ጥቁር ቦታ ወይም ጨለማ አይታየውም። የጎደለ ነገር መኖሩ ራሱ አይታወቀውም።

ምልክት ከኖረም በሌላ መልክ ይመጣል። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻውን እርከን መሳት፣ ትከሻን በበር መቃን ደጋግሞ መግጨት፣ ከጎን የመጣ ሰው ድንገት ከመሬት የበቀለ ያህል ማስደንገጡ፣ ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው ጎን ማፍሰስ ይታያል። ቤተሰብም «ቸኩለህ ነው» ወይም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪሙ ግን ነርቩን በቀጥታ አይቶ፣ ሥዕሉን አንሥቶ፣ የዳር እይታን በመሣሪያ ለክቶ የደረሰበትን ስለሚናገር፣ ከስሜትዎ ይልቅ ምርመራውን ይመኑ። ከተጠራጠሩም ትክክለኛው መንገድ ሕክምናውን ማቆም ሳይሆን የምርመራውን ውጤት ይዞ የሌላ የዓይን ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ነው።

የዓይን ግፊቴ ጤናማ ነው ተብያለሁ። ታዲያ ለምን ግላኮማ አለብህ እባላለሁ?

የዓይን ግፊት በብዙ ሰዎች ዘንድ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህ ግን የተለመደው ልክ እንጂ ድንበር አይደለም። ግፊቱ ከ21 ሳይበልጥ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፤ ግፊቱ 25 ሆኖ ለዓመታት ምንም ጉዳት የማይታይበትም አለ። ግፊቱ በቀኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚልም አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የኮርኒያ ውፍረትም ልኬቱን ያዛባል፤ ኮርኒያው ስስ የሆነ ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ሐኪሙ ውፍረቱን አንድ ጊዜ የሚለካው ለዚህ ነው።

ግፊቱ ከፍ ብሎ ጉዳት ያልታየባቸውን ሰዎች በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። በ5 ዓመት ውስጥ ሕክምና ካልተሰጣቸው መካከል 9.5 በመቶው ግላኮማ ሲይዛቸው፣ በጠብታ ግፊታቸው ከቀነሰላቸው መካከል ግን የያዛቸው 4.4 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል፤ ግፊትን መቀነስ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ ወዲያው መድኃኒት አያስፈልገውም። አንዳንዱ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ሐኪምዎን «የእኔ ዓይን ሊደርስበት የሚገባው ግፊት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚወሰን የራሱ ቁጥር አለና።

እታወራለሁ?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ ይዞራል እንጂ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ግላኮማ ሳይታከም ከቀረ በእርግጥ ያሳውራል፤ በዓለም ላይ ሊመለስ የማይችል ዓይነ ስውርነትን ከሚያስከትሉ በሽታዎች ዋነኛው እርሱ ነው። ነገር ግን በጊዜ የታወቀለትና ሕክምናውን ሳያቋርጥ የሚከታተል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ የሚያገለግለውን እይታ ይዞ ይኖራል። ሕክምናው የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ያቆያል። ስለዚህም ጠብታ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ «ምንም ለውጥ አላየሁም» ማለት ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ለውጥ አለመታየቱ ራሱ የሚፈለገው ውጤት ነው።

ጠብታውን በትክክል የምጨምረው እንዴት ነው?

ይህ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙዎች ለዓመታት ሲሳሳቱበት የሚኖሩበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሰዋለን። ጠብታው ጉንጭ ላይ ወርዶ የሚቀር ከሆነ፣ የታዘዘው መድኃኒት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሥራውን የሚሠራው በጉንጭ ላይ ነው።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ይቀመጡና አንገትዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፤ ወይም በጀርባዎ ይተኙ፤ በተለይ አንገት የሚያማቸው አረጋውያን ተኝተው ቢያደርጉት ይቀላቸዋል። በአንድ እጅ አመልካች ጣት የታችኛውን የዓይን ቆብ ቀስ አድርገው ወደ ታች ሲስቡት በቆቡና በዓይኑ መካከል ትንሽ ኪስ ይከፈታል። ጠብታው መግባት ያለበት እዚያ ነው። በሌላው እጅ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው ከዓይኑ በላይ ይያዙት፤ አፉ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም አይንካ፤ ከነካ መድኃኒቱ በጀርም ይበከላልና። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጠርሙሱን የያዘውን እጅ በግንባርዎ ላይ አሳርፈው ይደግፉት። ከዚያ ወደ ላይ እየተመለከቱ ጠርሙሱን ጫን አድርገው አንድ ጠብታ ይጣሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል። ዓይንዎን ሳይጨምቁና ሳያርገበግቡ ቀስ ብለው ይክደኑት፤ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትዎ ጫፍ ጫን አድርገው ለ2 ደቂቃ ያህል ይያዙት። በዚያ ጥግ ላይ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ጠብታ ከጨመሩ በኋላ ጉሮሮዎን መረረዎት ከሆነ መድኃኒቱ በዚያ ቀዳዳ ወርዷል ማለት ነው፤ በዚያ መንገድ ወደ ደም ገብቶ ልብንና ሳንባን ሊነካ ይችላል። ጥጉን መያዝ መድኃኒቱ በዓይን ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱንም ይቀንሳል።

አንድ ጠብታ በቂ ነው። ከጠርሙስ የሚወርድ አንድ ጠብታ እንኳ ዓይን ይዞ ሊያቆየው ከሚችለው ይበልጣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ይዞት ይወርዳል፤ መድኃኒቱም ከጊዜው በፊት ያልቃል። ነገር ግን መጀመሪያ የጣሉት ዓይንዎ ውስጥ መግባቱን ካልተሰማዎት ደግመው ቢጥሉ ጉዳት የለውም። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘልዎ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ይሁን። ጠርሙሱን የከፈቱበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ ብዙዎቹ ጠብታዎች ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል አለባቸው፤ ትክክለኛው ጊዜ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠብታውን ይዘው ሄደው በሐኪሙ ወይም በነርሷ ፊት ጨምረው ያሳዩ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ከብዙ ቃል ይልቅ ይህች አንዲት ደቂቃ ትጠቅማለች።

ጠብታውን ብረሳስ? ለጥቂት ቀን ባቋርጠውስ?

አንድ ጊዜ ከረሱ ባስታወሱ ሰዓት ይጨምሩ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ትተው በመደበኛው ይቀጥሉ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አያድርጉ። ላለመርሳት የሚበጀው መንገድ ጠብታውን በየቀኑ ከማይቀር ሥራ ጋር ማያያዝ ነው፤ ለምሳሌ ጥርስ ከመቦረሽ ጋር። የስልክ ማንቂያም ይረዳል። ሲጓዙ መድኃኒቱ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ከመርሳት የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ለሳምንታት ጠብታውን ትቶ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ብቻ እንደገና ይጀምራል። በቀጠሮው ዕለት ግፊቱ ሲለካ ጥሩ ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪሙም ይደሰታል። ይሁን እንጂ ነርቩ ሲታይ ጉዳቱ ጨምሯል። ሐኪሙ ከዚህ የሚደርስበት መደምደሚያ «መድኃኒቱ አልበቃም» የሚል ስለሚሆን ሌላ ጠብታ ይጨምራል፤ አልፎም ቀዶ ሕክምና ያዝዛል። እንዲህ የተታለለ ሐኪም ትክክለኛ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ «ባለፈው ወር አልተጠቀምኩም» ብሎ በግልጽ መናገር ለዓይንዎ ከሚያደርጉለት ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው። ያቆሙበት ምክንያት ማቃጠሉ፣ ዋጋው ወይም የሰዓቱ አለመመቸት ከሆነ፣ እርሱንም ይንገሩት፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰዱ፣ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመረው መከላከያ ኬሚካል የሌለባቸው፣ ወይም ዋጋቸው የቀለለ አማራጮች አሉ።

ጠብታዎቹ ምን የጎንዮሽ ጉዳት አላቸው?

እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ላታኖፕሮስትና መሰሎቹ ዓይንን ያቀላሉ፤ ሽፋሽፍትን ያስረዝማሉ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የአይሪስን ቀለም በቋሚነት ያጠቁራሉ። ብሪሞኒዲን አፍ ያደርቃል፤ ድካምና እንቅልፍ ያመጣል፤ በአንዳንዱ ላይ ከወራት በኋላ አለርጂ ይፈጥራል፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ አተነፋፈስን ሊያውክ ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም። ዶርዞላሚድ ያቃጥላል፤ የአፍ ጣዕምንም ይለውጣል። በአፍ የሚዋጠው አሴታዞላማይድ ጣትንና ከንፈርን ይነዝራል፤ ሽንት ያበዛል፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ስለ እርሱ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ቲሞሎል ነው። ጠብታ ስለሆነ ብቻ ከዓይን አያልፍም ብለው አያስቡ። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥርበት፣ የልብ ምቱ ዘገምተኛ የሆነውን ደግሞ ራሱን ሊያስተው ይችላል። አስም ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ የዓይን ሐኪምዎ ሳይጠይቅዎ እርስዎ ይንገሩት። ለሌሎች ሐኪሞችም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሲዘረዝሩ የዓይን ጠብታዎን ከዝርዝሩ አያስቀሩ።

ያረገዙ ወይም ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች ስለ ጠብታቸው ከእርግዝናው በፊት ቢያማክሩ ይመረጣል።

ዓይኔን ሲያሳክከኝ ወይም ጉንፋን ሲይዘኝ የፈለግሁትን መድኃኒት መውሰድ እችላለሁ?

አይችሉም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ብለን ብንናገር ይፈቀድልን። ስቴሮይድ (እብጠትንና መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት የዓይን ጠብታ ማሳከክንና መቅላትን በሰዓታት ውስጥ ስለሚያበርድ ሰው ይወደዋል፤ ሲያልቅም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ ይገዛዋል። ይሁን እንጂ ስቴሮይድ በብዙ ሰዎች ላይ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፤ ግላኮማ ባለበትና በቤተሰቡ ግላኮማ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጭማሪው የባሰ ነው። ግፊቱ የሚጨምረው ያለ ሕመም፣ ብዙ ጊዜም ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ስለሆነ ጠብታው የተመቸው ሰው አይጠረጥረውም። በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸው ሁልጊዜ የሚያሳክካቸው ልጆች ለወራት ይህን ጠብታ ሲጠቀሙ ቆይተው ነርቫቸው ተጎድቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ልጁ ያጣው እይታ ሊቀርለት ይችል የነበረ መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያሳዝነዋል። በክኒን፣ በመርፌ፣ በቆዳ ቅባት ወይም በሚነፋ መልክ የሚወሰድ ስቴሮይድም ተመሳሳይ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ለሌላ በሽታ በሐኪም የታዘዘልዎ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡት፤ የዓይን ግፊትዎ እንዲለካ ብቻ ያድርጉ።

አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ደግሞ የዓይን ማዕዘናቸው ጠባብ በሆነባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ መዘጋት ሊያመጡ ይችላሉ። «የእኔ ማዕዘን ክፍት ነው ወይስ ጠባብ?» የሚለውን ጥያቄ ለሐኪምዎ አንድ ጊዜ አንሥተው መልሱን ይያዙት፤ ክፍት ከሆነ ወይም በሌዘር ታክሞ ከሆነ የክኒኖቹ ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ እርስዎን አይመለከትም።

ሌዘር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲባል በሽታዬ ብሶ ነው?

የግድ አይደለም። መውጫውን በብርሃን ጨረር የሚያነቃቃው የሌዘር ሕክምና ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ከጠብታ በፊትም ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በሌዘር ከጀመሩት ታካሚዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከ3 ዓመት በኋላም ግፊታቸው ያለ ጠብታ በሚፈለገው ልክ ነበር። ውጤቱ ግን ከጊዜ ጋር ሊደክም ስለሚችል ሌዘር የተደረገለት ሰው ከክትትል ነጻ አይሆንም። ማዕዘኑ ጠባብ ለሆነ ሰው ደግሞ በአይሪስ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ የሚከፍት ሌላ ዓይነት ሌዘር አለ።

ቀዶ ሕክምናው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚያበጅ ነው። ዓላማው ግፊቱን ማውረድ እንጂ እይታን ማጥራት አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማዘኑ አይቀርም። አዲሱ መውጫ ባለበት በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ስስ አረፋ መሰል ነገር ይቀራል፤ እርሱም ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም እይታው ከደበዘዘ እስከ ነገ አይቆይም።

በክትትል ጊዜ የሚደረገው «መብራት ሲታይህ ተጫን» የሚለው ምርመራ ያስጨንቀኛል። ለምን ይደጋገማል?

የእይታ መስክ ምርመራ የሚባለው ይህ ነው። አገጭ ተደግፎ፣ አንድ ዓይን ተሸፍኖ፣ መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያዩ በዙሪያው የሚበሩ ብርሃኖች በታዩ ቁጥር መጫኛውን መጫን ነው። ብዙ ሰው ከክፍሉ የሚወጣው በፈተና የወደቀ ያህል አንገቱን ደፍቶ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ብርሃኑን ሆን ብሎ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ያደበዝዘዋል፤ የዓይንዎን ወሰን የሚያገኘው እንደዚያ ነውና። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ከሚበሩት ብርሃኖች ብዙዎቹን አያይም። ዓይንዎን ወደ ብርሃኑ አያንከራትቱ፤ እንደ ልብዎ ያርገብግቡ፤ ከደከመዎት መጫኛውን ተጭነው ሲይዙት በብዙ መሣሪያዎች ላይ ምርመራው ለጊዜው ይቆማል። የሚደጋገመውም አንድ ውጤት በድካም ሊዛባ ስለሚችልና በሽታው መቆሙ ወይም መግፋቱ የሚታወቀው የበርካታ ጊዜ ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ስለሆነ ነው። በዚህም ምክንያት ሐኪም ሲቀይሩ የቀድሞ ውጤቶችዎን ይዘው ይሂዱ።

ምግብ፣ ቡና፣ ስፖርት፣ እንቅልፍ፣ ማንበብ?

ማንበብም ሆነ ስክሪን ማየት ግላኮማን አያባብስም። ጠብታን የሚተካ ምግብ ወይም ቪታሚን የለም፤ አትክልት የበዛበት ጤናማ አመጋገብ ለመላው ሰውነት የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ። ቡና ግፊቱን ለአጭር ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ በልክ መጠጣት ለአብዛኛው ሰው አያሰጋም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን ግፊትን ስለሚጨምር ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ መጠጣት ይሻላል።

ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና የመሳሰለው እንቅስቃሴ ግፊትን ይቀንሳል። በጭንቅላት መቆምና ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆየት ግን ግፊቱን በእጅጉ ስለሚጨምረው ሊቀር ይገባል፤ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ክብደት ማንሣትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመኝታም ጊዜ ፊትን በትራስ ላይ ደፍቶ ዓይንን ከሚጫን አተኛኘት መራቅ ይበጃል። ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሌሊት የደም ግፊት ከልክ በላይ ሲወርድ ለዓይን ነርቭ የሚደርሰው ደም ሊያንስ ስለሚችል፣ የሚወስዱበትን ሰዓት ለሁለቱም ሐኪሞችዎ ያሳውቁ፤ በራስዎ ግን አይቀይሩት።

ልጆቼና ወንድም እኅቶቼ መመርመር አለባቸው?

አዎን። የወላጅ፣ የወንድም ወይም የእኅት ግላኮማ መኖር የአንድን ሰው ተጋላጭነት በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፤ ዕድሜው ከ40 ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ክፍት ማዕዘን ግላኮማ በብዛት ከመታየቱም በላይ ቀደም ባለ ዕድሜ ይጀምራል። እንግዲህ «አሳስባቸዋለሁ» ብሎ ሕመሙን ከቤተሰብ መደበቅ እነርሱን መጉዳት ይሆናል። ምርመራው አያምም፤ ነርቩ መታየትና ግፊቱ መለካት ብቻ ነው።

በጣም አልፎ አልፎ ሕፃናትም ከግላኮማ ጋር ይወለዳሉ። ሕፃኑ ብርሃን የሚሸሽ፣ ያለማቋረጥ የሚያለቅስ ዓይን ያለው፣ ዓይኑም ከሌሎች ሕፃናት ጎልቶ ትልቅ የሆነ ወይም የደበዘዘ ከሆነ «ዓይኑ እንዴት ያምራል» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ በቀናት ውስጥ መታየት አለበት።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ በዚያው ዕለት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ዓይን ድንገት በኃይል ሲያም፣ ሲቀላ፣ እይታ ሲደበዝዝ፣ በመብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት ሲታይ። ከዚህ ጋር ራስ ምታትና ትውከት ስለሚኖር፣ ሕመሙ የሆድ ወይም የማይግሬን ተብሎ ውድ ሰዓቶች ይባክናሉ። ይህ የዝግ ማዕዘን ግላኮማ ድንገተኛ ጥቃት ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ እይታን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ስለ ትውከቱ ከመናገርዎ በፊት ስለ ዓይንዎ ይናገሩ።

እይታዬ አስቀድሞ ብዙ ቀንሷል። አሁን ጠብታው ምን ይጠቅመኛል?

ብዙ ይጠቅማል። ነርቩ ብዙ ክሮች ባጣ ቁጥር የቀሩት እያንዳንዳቸው የሚሠሩት ሥራ ይጨምራል፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ሐኪሞች ግፊቱን ይበልጥ ዝቅ ለማድረግ ይጥራሉ። መኪና መንዳት ይችሉ እንደሆነ በራስዎ አይወስኑ፤ የሁለቱን ዓይኖች የእይታ መስክ አንድ ላይ የሚለካ ምርመራ ስላለ ይጠይቁ፤ የራስዎም የሌላውም ሰው ሕይወት አለበትና።

ቤት ውስጥ ጥቂት ነገሮችን መለወጥ ኑሮን ያቀላል። የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ በደማቅ ቀለም ወይም ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ መብራቱ ፊት ለፊትዎ ሳይሆን ከትከሻዎ ኋላ መጥቶ በሚያነቡት ነገር ላይ ይረፍ፤ ነጭ ፈሳሽ በጠቆረ ኩባያ፣ የጠቆረውን በነጭ ይቅዱ፤ የቤቱ ሰዎች በሮችን ወይ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ ወይ ይዝጉ እንጂ ገርበብ አድርገው አይተዉ። ወደ አዲስ ቦታ ሲገቡ ቆም ብለው ራስዎን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ታች እያዞሩ ይቃኙ። ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ መለየት ብቻ የቀረው ሰው እንኳ መስኮቱ የት እንዳለ፣ ቀንና ሌሊቱ መቼ እንደተፈራረቀ፣ ሰው በበሩ ማለፉን ያውቃል፤ ጠብታው የሚጨመረው ይህችን ብርሃን ለማቆየትም ጭምር ነው።